ሃይቴክ ደጃችን ነው

«ሃይቴክ» ሲባል ብዙዎቻችን የቴል አቪቭ ፎቆች ይታዩናል። ነገር ግን ኢንቴል በ1974 ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የምርምርና የልማት ማዕከል የከፈተው ሐይፋ ላይ ነው። ሞቢልአይ በ1999 የተመሠረተው ኢየሩሳሌም ነው። የቤር ሼቫው የቴክኖሎጂ መንደር ከቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ከባቡር ጣቢያው ጎን ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት ቂርያት ጋትም የኢንቴል የቺፕ ፋብሪካ አለ።

ቅርበት ብቻውን ግን በር አይከፍትም። ጥበቃም ጽዳትም የተከበረ ሥራ ነው። ልጃችን ግን በዚያው በር መሐንዲስ ሆኖ መግባት ከፈለገ የባግሩት ሒሳቡ ወሳኝ ነው፤ 3፣ 4 ወይስ 5 ዬሒዶት?

ስለዚህ ወላጆች፣ 10ኛ ክፍል ሳይደርስ በአሴፋት ሆሪም ጊዜ መምህሩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ልጄ በየትኛው የሒሳብ ቡድን ነው? ከፍ እንዲል ምን ይጎድለዋል?» ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ሜጋሼሩን ይዛችሁ ግቡ። ትምህርት ለጨረሱትም ቴክ ካሪየር የተባለው ድርጅት የቤተ እስራኤልን ወጣቶች ለሃይቴክ ሥራ ያሠለጥናል።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላሉ አባቶቻችን። ጥያቄው ዛሬ ይጠየቅ።