ፊልም ቀብሮ ማትረፍ

እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የግላስጎው ጎዳናዎች የባትማንን ከተማ ጎታምን መስለው ነበር። «ባትገርል» የተባለው ፊልም እዚያ ተቀረጸ፤ ሌስሊ ግሬስ መሪዋን ገጸ ባሕርይ ተጫወተች፤ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ግን ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ ፊልሙ በሲኒማም ሆነ በስትሪሚንግ እንደማይታይ አስታወቀ። ዳይሬክተሮቹ አዲል ኤል አርቢና ቢላል ፋላህ ወሬውን የሰሙት ለአዲል ሠርግ ሞሮኮ ሳሉ ነው። ቢያንስ በስልክ ቀርጸን እናስቀረው ብለው ፊልሙ ወዳለበት ሰርቨር ቢሄዱ፣ የገዛ ሥራቸው ተቆልፎባቸው አገኙት።

የኩባንያው ኃላፊ ዴቪድ ዛስላቭ ያላመኑበትን ፊልም እንደማያወጡ ተናገሩ። ጋዜጦች የዘገቡት ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ ያልታየ ፊልም በኪሳራ ተመዝግቦ ግብር ያስቀንሳል።

«ገንዘቡ የራሳቸው ነው፤ ያሻቸውን ያድርጉበት» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ፈጽሞ አልቀበለውም። ገንዘቡ የኩባንያው ቢሆን፣ የሚቀነሰው ግብር የሕዝብ ነው። ተዋናዩም፣ የካሜራ ባለሙያውም፣ ልብስ ሰፊውም ቀጣዩን ሥራ የሚያገኙት በታየላቸው ሥራ ነው። ደመወዝ ተከፈላቸው ማለት የልፋታቸው ዋጋ ሁሉ ተከፈለ ማለት አይደለም።

ገዢ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ይኸው ኩባንያ በ2023 «ካዮቲ ቨርሰስ አክሚ»ን ሊቀብር ወስኖ፣ የሙያው ሰዎች ሲጮሁ ለገበያ አቀረበው፤ በ2025 ኬቸፕ ኢንተርቴይንመንት ገዛው።

የወጣውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ዲዝኒ በ2023 «ክሬተር» የተባለውን ፊልም በለቀቀ ሁለት ወር ሳይሞላው ከዲዝኒ ፕላስ አወረደው። ድሮ ከሱቅ የገዛነው ካሴት ስቱዲዮው ቢከስርም ቤታችን ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በየወሩ ከፍለን በእጃችን የሚቀር ነገር የለም።

ሥራን በእጅ ማቆየት ግን ይቻላል። ኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን በ1993 ይዘው ሲወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሷቸው። ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ፊልሙንም ከእጃቸው አላወጡትም። በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ 28 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከእነዚህ ኩባንያዎች ጋር ለመሥራት የምታስቡ የሀገሬ ዳይሬክተሮች፣ ውላችሁ ላይ ይህን አስጽፉ፦ ሥራው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልታየ ወደ እኔ ይመለስ፤ አንድ ቅጂም እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ይህ የሌለበትን ውል አትፈርሙ።