«ረከሰ» ስንል፣ ማን ረከሰ?

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን አንዱ ከሚዛን ገበያ ቡና ይዞ ማደሪያችን ገባና «በርካሽ አገኘሁት!» ብሎ አበሠረን። እሰይ አልነው። ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ተፈላ። በረካው ላይ ስንደርስ ግን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሲያከራክረን አመሸ። ለመሆኑ የረከሰው ምኑ ነው? ፍሬው? ገንዘቡ? ወይስ ለቃሚው?

ቃሉን እንመርምረው። «ርካሽ» የወጣው «ረከሰ» ከሚለው ግስ ነው፤ «ርኩስ» ወንድሙ ነው። ሰውን «ርካሽ» ካልነው ሰደብነው፤ ወሬን «ርካሽ» ካልነው ናቅነው። ታዲያ ገበያ ስንወጣ ይኸው ስድብ እንዴት ምስጋና ሆነ? «ውድ»ንም ተመልከቱ። «ውድ ወንድሜ» ብለን ደብዳቤ እንጀምራለን፤ «ኑሮ ተወደደ» ብለን ደግሞ እናለቅሳለን። ቋንቋችን የወደደውን ከፍ፣ የናቀውን ዝቅ ያደርጋል። እሱ አልተሳሳተም። የተሳሳትነው ንቀትን እንደ ትርፍ የቆጠርን እኛ ነን።

«ርካሽ ይቅርና ያዋጣል እንበል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ይሻላል። ነገር ግን «አዋጣ» የእድርም ቃል ነው። አንዱ ካላዋጣ ለሌላው የሚያዋጣ ነገር የለም። እንግዲያው «ያዋጣል» ያለ ሁሉ «ለማን? ከማንስ መዋጮ?» ተብሎ ይጠየቅ። አንድ ኪሎ የታጠበ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ይለቀማል፤ ቀዩ እየተመረጠ፣ ፍሬ በፍሬ፣ በእጅ። በተፒም በበበቃም መዋጮው ይኸው ነው።

በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት የኒውዮርክ ገበያ አንዱን ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች አወረደው። «ቡና ረከሰ» ተባለ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ያው ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። «ቡና ተወደደ» ተባለ። ኧረ ለመሆኑ በመካከሉ ምን ተለወጠ? ለቃሚው ስምንት እጅ አልነበረውም፤ ስምንት እጅም አላበቀለ። ተመን ሌላ፣ ዋጋ ሌላ! ተመን በስልክ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዋጋ ግን የተከፈለ ልፋት ነው፤ «ዋጋ ከፈለ» የምንለውም ለዚሁ ነው።

«ቃል ነው እኮ፣ ምን ያካብዳችኋል? የተማሪ ኪስ ምን አቅም አለው?» የሚሉን አይጠፉም። እኛም ተማሪ ነን፤ ወሩ ሳይጋመስ ኪሳችን እንደሚነጥፍ እናውቃለን። አስወድዳችሁ ግዙ አላልንም። ቃሉን በቦታው አኑሩት ነው ያልን። ገበሬ ክረምት ላይ ቸግሮት ቡናውን ገና ዛፉ ላይ ሳለ ሲሸጠው፣ አዎ፣ ያ ርካሽ ነው፤ ርክሰቱ ግን የገዢው እንጂ የቡናው አይደለም። ምርት በዝቶ ዋጋ ሲቀንስ «ቀነሰ» ይበቃል።

ከልብ ለሚያስደስት ግዢማ ቃል ሞልቶናል። ገበያ መሐል «እማማ፣ ይመርቁልን እንጂ» ስንላቸው፣ በጣሳው ለክተው ከጨረሱ በኋላ በእጃቸው ዘግነው ይጨምሩልናል። ምራቂ ማለት ይህ ነው። እሳቸው ከሰጡን እህል ጋራ ምርቃት አለ፤ እኛም «ይባረኩ» ብለን እንሄዳለን። ሁለታችንም አልረከስንም። በሉ እንግዲህ፣ ያን ቡና «በርካሽ ገዛሁት» ከማለት «ተመርቆልኝ ገዛሁት» ማለት ምን ይጐዳል? ካልተመረቀልንም «ጨክኜ ተከራክሬ ገዛሁት» እንበል። ቢያንስ እውነት ነው።

የከተማችን ስም ሚዛን ነው። ሚዛን ደግሞ ሁለት ጐን አለው፤ እኛ የምናየው ገንዘባችን ያለበትን ብቻ ነው።

ነገ እኛም እንመረቃለን። ያን ቀን ቀጣሪው አሻግሮ አይቶን «እነዚህስ ርካሽ ናቸው» ቢል እንስቅለታለን? እንግዲያስ ዛሬ በሌላው ላብ ላይ አንሳቅ። አልስማማም የሚል ብዕሩን ያንሣ።