የይለፍ ቃሉ በማን ኪስ ነው?

«ሲስተም የለም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ የአገራችን ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ባንክ ተሰልፈን ሰምተናታል፤ ቀበሌ ሄደን ሰምተናታል፤ የመብራት ልንከፍል ሄደን ሰምተናታል። ከመልመዳችን የተነሣ «እሺ፣ ነገ እንመለሳለን» ብለን እንወጣለን። ዛሬ ልናወራ ያሰብነው ግን ስለሌለው ሲስተም አይደለም፤ ስለሚቀየረው ሲስተም ነው። ሲስተም ሲጠፋ ቢበዛ የሚባክነው አንድ ሁለት ቀን ነው። ሲስተም ሲቀየር ግን ያልተዘጋጀ ነጋዴ ዕቃው ወደብ ላይ ተገትሮ ኪራይ ሲቆጥርበት፣ እሱ የት ጋ እንደተያዘ እንኳ ሳያውቅ ሊከርም ይችላል።

«ይሄ የሞጆና የቃሊቲ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ልታልፉን ስትሉ አንዴ ቆዩን። ወሬያችን ወረታ ነው።

ወረታን በአውቶቡስ መስኮት ያላያት ጥቂት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር፣ ጋይንትና ወልድያ ይወጣል። ከወልድያ በኋላ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ነው ፎገራን ከባሕሩ ጋር በአቋራጭ ያገናኛት። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ የሠራውም በከንቱ አይደለም። የሰሜን ምዕራቡን ዕቃ ሞጆ ድረስ ወስዶ እንደገና ዓባይን አሻግሮ ከማምጣት በቅርብ ማራገፍ ይሻላል።

በከተማዋ ዙሪያ የፎገራ ሜዳ አለ። ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሞልተው የሚተኙበት፣ የታወቀው የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘበት ሜዳ። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው እንጀራ ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተተከለውም እዚሁ ነው። ታዲያ ሩዙን የሚፈለፍሉት ማሽኖች ከውጭ የሚመጡ ናቸው። መለዋወጫቸውም እንደዚያው። በበጋ ሽንኩርቱን የሚያጠጡት የውኃ ፓምፖችም እንደዚያው። ስለዚህ ጉምሩክ ላይ የሚፈጠር ነገር ዞሮ ዞሮ ገበሬው ማሳ ይደርሳል። አጨዳው አልቆ ሩዝ በየደጁ በተከመረበት ሰሞን የመፈልፈያው መለዋወጫ በሰነድ ስህተት አንድ ወር ቢቆይ፣ ወፍጮው ይቆማል፤ ገበሬውም ያልተፈለፈለ ሩዙን በተገኘው ዋጋ ይሰጣል።

ለመሆኑ ትራንዚት ምንድን ነው?

ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ከአንዱ የጉምሩክ ጣቢያ ወደ ሌላው በዋስትና ሲጓዝ ትራንዚት ይባላል። ከጅቡቲ የተነሣ ኮንቴይነር ወረታ እስኪደርስ በመንግሥት ዓይን ገና «አልገባም»። ስለዚህ የትራንዚት ሰነድ ይከፈትለታል። ይታሸጋል፤ በመንገዱ ጣቢያዎች ይመዘገባል፤ መድረሻው ላይ ሲራገፍ ደግሞ ሰነዱ ይዘጋል። ሰነዱ ካልተዘጋ፣ ዕቃው መጋዘን ገብቶ ተሸጦ ቢያልቅ እንኳ ሲስተሙ «ይህ ዕቃ መንገድ ላይ ጠፍቷል» ብሎ ነው የሚያስበው። ዋስትናውም ተይዞ ይቆያል። የአገራችን የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ ይህ ነገር የአንድ ከተማ ብቻ ጣጣ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚመዘግበው ሲስተም ለብዙ ዓመት አሲኩዳ ነበር። አሲኩዳን የሠራው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ (አንክታድ) ነው። ሥራው በፈረንጆች 1981 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ባቀረቡት ጥያቄ ተጀምሮ በዓለም ተዛመተ። እኛም «አሲኩዳ ፕላስ ፕላስ» የተባለውን ትውልድ ስንጠቀምበት ኖረን፣ የኤሌክትሮኒክ ጉምሩክ አስተዳደር ሥርዓት (ኢሲኤምኤስ) ተተካ። በጥር 2012 ዓ.ም. ደግሞ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ በአንድ በር ለማድረግ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ሥራ ጀመረ።

አለቀ ያለ ካለ አላለቀም። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የዕቃዎችን የኮድ መጽሐፍ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ያሻሽላል። በ2012፣ በ2017 እና በ2022 እንደ ፈረንጆች አሻሽሏል፤ ቀጣዩ በጃንዋሪ 2028፣ በእኛ ታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ሥራ ላይ ይውላል። ሲስተም መቀየር እንግዲህ አንዴ መጥቶ የሚሄድ ጎርፍ አይደለም፤ እንደ ርብና ጉማራ ሙላት እየተመላለሰ የሚመጣ ነው። የፎገራ ሰው ደግሞ ሙላት እንደሚመጣ እያወቀ ክረምት ላይ እህሉን መሬት አያስቀምጥም።

አያ እገሌና ልጁ

በብዙ የክልል ከተማ ያለውን አሠራር ሁላችንም እናውቀዋለን። አያ እገሌ ማሽን ያዝዛል። ወረቀቱን ሁሉ ሰብስቦ ለትራንዚተሩ ይሰጣል። ዲክላራሲዮኑ ላይ ምን እንደተጻፈ አያይም፤ ቢያይም በፈረንጅ አፍ ነው። የኢሜይሉንና የሲስተሙን የይለፍ ቃል የያዘው «ኮምፒውተር የሚችለው ልጅ» ነው። ልጁ የወንድም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛም ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ልጁ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ስልኩንም ይቀይራል። ያኔ አያ እገሌ የንግድ ፈቃድ፣ ማሽንና ዕዳ ያለው፣ ግን በገዛ ንግዱ በር መግባት የማይችል ሰው ሆኖ ያርፈዋል።

ክርክራችንም ይኸው ነው። ሲስተም ሲቀየር የሚያስፈልገው ትልቁ ዝግጅት አዲስ ኮምፒውተር መግዛት አይደለም። ባለዕቃው የራሱን ሰነድ፣ የራሱን ኮድና የራሱን የይለፍ ቃል በእጁ ማድረግ ነው። በድሮው ሲስተም ጉድለቱን ትራንዚተሩ በትውውቅና በልምድ ይሸፍነው ነበር። አዲስ ሲስተም ግን ትውውቅ የለውም።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ብሪታንያ ከ1994 ጀምሮ «ቺፍ» በሚባል የጉምሩክ ሲስተም ስትሠራ ቆይታ፣ በ2018 «ሲዲኤስ» የተባለውን አዲስ ሲስተም ጀመረች። ገንዘብም ባለሙያም ሳይጎድላት ሁለቱን ጎን ለጎን እያስኬደች ዓመታት ፈጅታለች። የገቢ ዕቃ መዝጊያ ቀን ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ሆኖ ለአንዳንዶች ጊዜ ተጨመረ፤ የወጪ ዕቃው እስከ 2024 ቆየ። ከሁሉ የሚገርመው ግን አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ቀረጥ በዱቤ የሚከፍሉ ነጋዴዎች ለአዲሱ ሲስተም አዲስ የባንክ ክፍያ ፈቃድ መስጠትና ወኪላቸው በሒሳባቸው እንዲጠቀም ራሳቸው መፍቀድ ነበረባቸው። ወኪላቸው ይህን ሊያደርግላቸው አይችልም። ለንደንም ላይ ጥያቄው «የይለፍ ቃሉ በማን ኪስ ነው?» ሆነ ማለት ነው።

እስቲ ወደ ሥራው

አንደኛ፣ የተከፈተውን መዝጋት። በአሮጌው ሲስተም የተከፈተ የትራንዚት ሰነድ በአሮጌው ይዘጋ። «ዕቃዬ ደርሷል» ማለት «ሰነዴ ተዘግቷል» ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ጭነት በዝርዝር ጽፎ፣ ትራንዚተሩን «የዚህኛው መዝጊያ የታለ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ስምን ማስታረቅ። ሲስተም «ያው ነው» የሚባል ነገር አያውቅም። ወረታ ራሷ በፈረንጅ ፊደል በሁለት ሦስት ዓይነት ትጻፋለች። የአያ እገሌ ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ በ«ኬ»፣ ባንክ ላይ በ«ኪው»፣ ኢንቮይሱ ላይ ደግሞ ቻይናዊው ሻጭ ደስ እንዳለው ተጽፎ ይገኛል። ንግድ ፈቃዱ፣ የቲን ምዝገባው፣ የባንኩና የሻጩ ሰነድ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይኑራቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ግን ገንዘብም ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ የዕቃን ኮድ ማወቅ። ሩዝን እንውሰድ። በዓለም የኮድ መጽሐፍ ሩዝ 1006 ነው፤ ግን አራት ቤት አለው። ከነገለባው 1006.10፣ ገለባው የወጣለት 1006.20፣ የተፈተገው 1006.30፣ ስብርባሪው 1006.40። ማሽኑም እንዲሁ ነው። የእህል ማበጠሪያና መለያ 8437.10፣ መፈልፈያና ወፍጮ 8437.80፣ መለዋወጫቸው 8437.90 ላይ ይወድቃል። ጎማ የሆነ መለዋወጫ ሲሆን ደግሞ እንደ አሠራሩ ወደ ጎማ ምዕራፍ፣ ወደ 40 ሊሄድ ይችላል። የውኃ ፓምፑ 8413 ነው። «ስፔር ፓርት» ብሎ በጅምላ መጻፍ በወረቀቱ ዘመን ያስኬድ ይሆናል፤ አዳዲሶቹ ሲስተሞች ግን እየጠበቁ ነው። የአውሮፓ የትራንዚት ሲስተም አምስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ባለ 6 አሃዝ ኮድ በትራንዚት ሰነዱ ላይ ሳይቀር መጠየቅ ጀምሯል። ነጋዴው የሚያስመጣው ዕቃ አሥርና ሃያ ዓይነት ቢሆን ነው፤ ዝርዝሩን ከነኮዱ ደብተር ላይ ቢያሰፍር ለዓመታት ይጠቅመዋል።

አራተኛ፣ የይለፍ ቃልና ውክልና። ኢሜይሉ የድርጅቱ ይሁን እንጂ የልጁ አይሁን። ስልክ ቁጥሩ ባለቤቱ እጅ ያለ ይሁን። ትራንዚተሩ በውክልና ይሥራ፤ ውክልናው ለምን ሥራና እስከ መቼ እንደሆነ ይታወቅ። ትራንዚተር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፤ ሙያውንም እናከብራለን። የማናከብረው ባለዕቃው እንዳያውቅ ተደርጎ የሚሠራውን አሠራር ነው።

አምስተኛ፣ ወቅትን መምረጥ። የመፈልፈያ መለዋወጫ የሚያስፈልገው ከአጨዳ በኋላ እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ ሲስተም በሚቀየርበት ሰሞን እንዲገባ ማዘዝ የለብንም፤ ቀደም ብሎ ይግባ። ለኪራይና ለዲመሬጅም ትንሽ መጠባበቂያ ይያዝ።

ስድስተኛ፣ ኮፒ። ያለፉት ዓመታት ዲክላራሲዮኖች በወረቀትም በፍላሽም ይቀመጡ። አዲሱ ሲስተም የድሮውን ታሪካችሁን ይዞ እንደሚመጣ እርግጠኛ አትሁኑ።

«ኢንተርኔት ሳይኖር?»

ተቃውሞው ይሰማናል። «መብራት በሌለበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ስለ ይለፍ ቃል ታወራላችሁ?» እውነት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለረጅም ወራት ቆይቷል። ንግድን ሁሉ ወደ መስመር ላይ አስገብቶ መስመሩን መዝጋት፣ ሱቅን ከነባለቤቱ መቆለፍ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱን ሁሉ በነጋዴው ጫንቃ ላይ አንጥልም። ሲስተም የሚቀይር መሥሪያ ቤት ከወራት በፊት ቀኑን ያሳውቅ። ሥልጠናውን አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወረታም ላይ፣ በአማርኛ ይስጥ። ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት የሚሠራበትን ደንብ አስቀድሞ ጽፎ ይለጥፍ። በመሥሪያ ቤቱ ሲስተም ምክንያት ለቆመ ዕቃ ነጋዴው ኪራይ አይክፈል። ይህ ልመና አይደለም፤ ቀረጥ ከፋይ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ነው።

ግን ደግሞ ከላይ ከቆጠርናቸው ስድስቱ መካከል ስንቶቹ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ? ስም ማስታረቅ አይፈልግም። የኮድ ደብተር አይፈልግም። ያልተዘጋ ሰነድ መቁጠር አይፈልግም። አብዛኛው ዝግጅት በእስክሪብቶና በደብተር የሚያልቅ ነው። ኔትወርክ የለም ብለን እነዚህንም ከተውን ምክንያቱ ኔትወርኩ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ፤ ማለትም ወደ ከተሜው ወጣት። «ኮምፒውተር የሚችለው ልጅ» እኮ እኛ ነን። አጎታችን፣ እናታችን፣ የሰፈር ነጋዴው ስልካቸውን የሚሰጡን እኛን ነው። ሁለት ምርጫ አለን። አንዱ የይለፍ ቃሉን በኪሳችን ይዘን ተፈላጊ መሆን ነው፤ ያዋጣል፣ ቡናም ያስጋብዛል። ሌላው አንድ እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብለን፣ የዲክላራሲዮኑን እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ እየተረጎምን፣ የይለፍ ቃሉን በራሳቸው እጅ አስጽፈን መስጠት ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ለበዓል አገር ቤት የምትገቡ ካላችሁ ዶሮው እስኪደርስ ድረስ አንዷን ፋይል አውርዳችሁ ከአባታችሁ ጋር አንብቧት። መጀመሪያ የተሳሳተ ስም፣ ቀጥሎ ያልተዘጋ ሰነድ ብታገኙ አይግረማችሁ። ያኔ ማስተካከያው አንድ ማመልከቻ ነው። ሲስተሙ ከተቀየረ በኋላ ግን ስንት እንደሚሆን የሚነግራችሁ ወደቡ ነው።

ቸር እንሰንብት።