ለአራሹ ስልክ ተዘረጋለት፤ ለአራሷስ?

ባለፈው ሰሞን አራስ ጥየቃ ሄደን ነበር። እንደ ወጉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለን ገባን፤ ገንፎ ቀረበ፣ አላፈርንም፣ በላን። ቤቱ ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋርተው የተከራዩት አንድ ክፍል ነው። ባልየው ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። እሷ ከመውለዷ በፊት እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። ይህ ሁለተኛ ልጃቸው ነው፤ የመጀመሪያዋ ገና ሦስት ዓመቷ።

ከመካከላችን አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም፣ ራሱን ያውቃል) ስልኩን አውጥቶ ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚያስተምር አፕ አሳያት። ቀለሙ ያምራል፣ ሥዕሉ ያምራል። "ልጅዎ በሦስተኛ ወሩ..." ብሎ ይጀምራል። አየችውና ፈገግ አለች። "ጥሩ ነው። ግን ደህናውን ስልክ እሱ ነው ይዞት የሚወጣው፤ ሥራ ሲኖር የሚደወልለት በሱ ነው። የኔ ይቺ ናት" ብላ ከትራሷ ሥር ትንሽዬ ኖኪያ አወጣች። ወዳጃችን ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አፑን እስከ መጨረሻው አገላበጥነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚባለው ለእናቲቱ ነው፤ ስንገባ ልጁን ገና ዓይናችን አላየውም ነበር። አፑ ግን ስለ እናቲቱ የነበረው አንዲት አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው፣ እሷም መጨረሻ አካባቢ። "ሕፃኑ ሲተኛ እርስዎም ይተኙ" ትላለች። ሕፃኑ ሲተኛማ ልብስ ይታጠባል!

ኦንላይን ነገር አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሐኪም ቤት ተሂዶ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ለጎረቤትም አይነገርም፤ "ልጅ ሰጥቷት ታማርራለች" ይባላላ። ፊት ለፊት የማያስተያይ ስልክ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ይመቻል። ጥያቄያችን በየትኛው ስልክ፣ በማን ሂሳብ፣ ከወዲያኛው ጫፍስ ማን አለ የሚል ነው።

የደቡብ አፍሪካ ጤና ሚኒስቴር በ2014 እ.ኤ.አ. ማምኮኔክት የሚባል ፕሮግራም ሲጀምር ነፍሰ ጡሯ ክሊኒክ ትመዘገብና በየጊዜው አጭር የጽሑፍ መልእክት በነፃ ይደርሳት ነበር፤ ከ11 ቋንቋዎች በመረጠችው። ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። እኛን የማረከን ግን መልሳ መጻፍ መቻሏ ነው። ጥያቄ ብትጠይቅ የሚመልሱላት፣ ክሊኒክ ቢያመናጭቋት ቅሬታዋን የሚቀበሉ ሰዎች ተቀምጠውላታል። ዋትሳፕ የተጨመረው በ2017 ነው፤ ተራው ስልክ ቀደመ።

ለኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ (በኛ አቆጣጠር) ስለ ኤድስ ስም ሳይጠራ የሚጠየቅበት "ወገን" የተባለ መስመር ነበር፤ 952። ታላላቆቻችን "ጓደኛዬ ነው እንጂ እኔ እንኳን..." እያሉ ደውለውበታል። ከዚያ በ2014 እ.ኤ.አ. 8028 መጣ። ገበሬው በነፃ ደውሎ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ጤፍ እንዴት እንደሚዘራ የተቀዳ ድምፅ ያዳምጣል። ማንበብ አይጠበቅበትም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ደውሎበታል። ለአራሹ እንዲህ ከታሰበ አራሷ ምን በደለች?

የተቀዳ ድምፅ ግን ለጤፍ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለከፋው ሰው አይበቃም። በ2008 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣ አንድ የፓኪስታን ጥናት አለ። በራዋልፒንዲ ገጠር፣ በእርግዝናቸው መጨረሻ ድባቴ የያዛቸው 900 ያህል እናቶች ተመረጡ። ግማሽ ያህሉን ለዚሁ የሠለጠኑ የመንደር ጤና ሠራተኞች፣ የቀሩትን ደግሞ ያልሠለጠኑት ጎበኟቸው። ልጆቹ ስድስት ወር ሲሆናቸው ድባቴው የነበረባቸው ከመጀመሪያዎቹ 23 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 53 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፣ የጉብኝቱ ብዛት እኩል ነው። ልዩነቱ ጎብኚዋ እናቲቱን ማነጋገር መማሯ ነው። ይህ በአካል የተደረገ ነውና በስልክም ቁጥሩ ያው ይሆናል አንልም። ግን ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ይጠቁማል፤ አኒሜሽኑ ላይ ሳይሆን ስልኩን አንስታ "ዛሬስ እንዴት አደርሽ?" በምትለዋ ሴት ላይ።

"የወተት መግዣ ያጣችን እናት በወሬ ልታጠግቧት ነው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ወሬ የቤት ኪራይ አይከፍልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ራሷ ጋግራ ለምትሸጥ ግን ፈቃድ የሚሰጣት ማን ነው? ይህ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። እስከዚያ ድረስ ግን እናቲቱ ዝም ትበል ማለት አይቻልም።

አፕ የምትሠሩ ወዳጆቻችን (ብዙዎቻችሁ እንደምታነቡን እናውቃለን)፣ በሚቀጥለው ሃካቶን ከትንሽዬዋ ኖኪያ ጀምሩልን። ጥሪው ነፃ ይሁን፤ ቴሌም ሳፋሪኮምም በዚህ አይከስሩም። ሰዓቱ ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን። ስልኩ የጋራ ነውና ምስጢሯ በጽሑፍ ስልኩ ላይ አይቅር። ባሎችም ይደውሉበት፣ እነሱንም የሚጠይቃቸው የለም።

ከጥየቃው በሦስተኛው ሳምንት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ግድም፣ ከዚያችው ኖኪያ ሚስኮል መጣ። ልጁ ታሞ መስሎን ደንግጠን ደወልን። "አይ፣ ሁለቱም ተኝተዋል። እንዲያው ድምፃችሁን ልስማ ብዬ ነው" አለች። አርባ ደቂቃ አወራን፤ ከዚያ ካርዳችን አለቀ።