የጨጓራ መድኃኒት ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። «ሲስተር፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ» ይሉኛል። ፌስታሉ ሲፈታ የጨጓራ፣ የሆድ ድርቀትና የማቅለሽለሽ መድኃኒት አይጠፋም። ሦስቱም የሆድ ይባሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ዛሬ በጨጓራው ላይ እቆያለሁ፤ አወሳሰዱ በየቤቱ የሚሳሳተው እሱ ነውና።

የጨጓራ ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች አሲድ የሚገፉ ጥቃቅን ፓምፖች አሏቸው። ነጩ ሽሮፕና የሚታኘከው ኪኒን፣ አንታሲድ የሚባሉት፣ የወጣውን አሲድ ኃይሉን ይሰብራሉ። ቶሎ ያስታግሳሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። ኦሜፕራዞል ግን ፓምፑን ነው የሚዘጋው። ቤት ውስጥ ውሃ ሲፈስ አንዱ ወለሉን ይወለውላል፣ ሌላው ቧንቧውን ይዘጋል እንደማለት ነው።

ታዲያ ኦሜፕራዞል የሚዘጋው ሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ብቻ ነው፤ ፓምፑን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ምግብ ነው። ካፕሱሉ አንጀት ደርሶ፣ በደም ዞሮ ወደ ጨጓራ ሴሎች እስኪመጣ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ይዋጣል። በልተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ማቃጠል ሲጀምር ከዋጡት ግን መድኃኒቱ ሲደርስ ፓምፖቹ ወደ ማረፉ ሄደዋል። ለሚፆሙ፣ ፆሙን በውሃና በካፕሱሉ ፈትቶ ግማሽ ሰዓት መቆየት ነው። ካፕሱሉ አይታኘክም። በአንድ ቀን አልሠራም ብለውም አይጣሉት፤ ሙሉ ኃይሉ እስኪታይ ከ1 እስከ 4 ቀን ሊወስድ ይችላል።

ለመሆኑ ለምን ያቃጥላል? እኔ በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጉልበትና ወገብ ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ። አያት ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ፣ እሱ ላመጣው ቃጠሎ ደግሞ ሽሮፕ ይወስዳሉ፤ አንዱ ሌላውን እንዳመጣው የነገራቸው የለም። ሽሮፑ ሕመሙን ይሸፍነዋል፣ ቁስሉ ከስር እየሰፋ ይሄዳል። ሰገራ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳቸው በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ነው። የአይረን ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ለይቶ የሚናገረው ግን ሐኪም ነው። ደረትን ጨምድዶ ከላብ ጋር የሚመጣ «ጨጓራ»ም ልብ ሊሆን ስለሚችል በሽሮፕ አይጠበቅም።

ሌላው ኤች ፓይሎሪ ነው። እኛ በተማርንበት ዘመን የጨጓራ ቁስለት በብስጭትና በበርበሬ ይሳበብ ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ባክቴሪያው ቁስለት እንደሚያመጣ አሳዩ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችና በኦሜፕራዞል አንድ ላይ ይታከማል። ለሰገራ ምርመራ ሲሄዱ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከሆነ አይደብቁ። ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ አስቀድሞ ለሁለት ሳምንት ያስቆመዋል።

ወደ ድርቀቱ እንምጣ። የቤታችን ተልባ ውሃ ይዞ ያብጣል፣ ሰገራን ያለሰልሳል። በቂ ውሃ ካልተጠጣበት ግን ጭራሽ ያብሰዋል። ላክቱሎዝ የሚባለው ሽሮፕ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ አንድ ሁለት ቀን ይታገሡታል። ቢሳኮዲል አንጀቱን ራሱን ቀስቅሶ ያንቀሳቅሳል፤ ማታ ቢዋጥ ጠዋት ያስኬዳል። በወተት ወይም ከነጩ ሽሮፕ ጋር አይወሰድ፤ ሽፋኑ ያለቦታው ይሟሟና ሆድ ይቆርጣል። ሆድ ተነፍቶ፣ እያስመለሰ፣ ፈስም እንቢ ካለ ግን የትኛውም ማስቀመጫ አይሰጥም፤ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

የማቅለሽለሹ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት፣ አንጎል ውስጥ የማስመለስን ምልክት ይዘጋል፤ ጨጓራም ቶሎ እንዲራገፍ ያደርጋል። ሐኪም ካላዘዘ ለአያትም ቢሆን ሳምንታት አይወሰድም፤ ከንፈርና እጅ ያንቀጠቅጣል። ከራስዎ ቆርሰው ለልጅ ልጅዎ ደግሞ በፍጹም! በልጆች ላይ አንገት ሊያጣምም፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቅል ይችላል። እናቶች ቡዳ ነው ብለው ሲጨነቁ አይቻለሁ፤ ጤና ተቋም ከደረሱ መፍቻ መድኃኒት አለው። ለሚያስመልስና ለሚያስቀምጠው ልጅ የሚቀድመው ኦ.አር.ኤስ. ነው። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ በጥብጠው በማንኪያ ይስጡት። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ይጠብቁና ከበፊቱ ቀስ ብለው ይቀጥሉ።