የተማሪዎቹን ሥዕል ማን አየው?

ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለሱፐርቫይዘሮችና ለርዕሳነ መምህራን



የምጽፍላችሁ ከደንቢያ፣ ከቆላ ድባ ነው። ጉዳዬ ከኮሌጅ ወጥተው ደንቢያ ገጠር የሚመደቡ ጀማሪ የሥዕል መምህራን ናቸው፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አጠራር የክወናና የእይታ ጥበባት መምህራን። ሙዚቃውም፣ ቴአትሩም፣ ውዝዋዜውም፣ ሥዕሉም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከማንም በፊት ደጋፊ ያሻዋል።

በወረቀት ደረጃ ደጋፊ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ለአዲስ መምህር የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅና አማካሪ መምህር፣ ለነባሩ በዓመት 60 ሰዓት ያዛል። ጣጣው አሠራሩ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ሌላ የሥዕል መምህር ስለሌለው የሒሳብ ወይም የስፖርት መምህሩ አማካሪ ይሆናል። ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ የዕለት ዕቅዱን፣ የሰሌዳ አጠቃቀሙን፣ ሰዓት አክባሪነቱን ቅጽ ላይ ሞልቶ ይፈርማል። ቅጹ የመምህሩ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ይገባል፤ ሱፐርቫይዘሩም መጥቶ የሚያገላብጠው ያንኑ ነው። (የባልደረቦቹን ሁሉ ፖርትፎሊዮ ሽፋን በአበባ የሚያስጌጠው ደግሞ ያው የፈረደበት የሥዕል መምህር ነው።)

የተማሪዎቹን ሥዕል የሚያይ የለም። እስቲ አንድ ቀን የአምስተኛ ክፍል ደብተሮችን ገለጥ ገለጥ አድርጉ። ጎጆ፣ በሁለት ሾጣጣ ተራሮች መካከል ብቅ ያለች ፀሐይ፣ ከሥር ወንዝ፤ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ አንድ ዓይነት ነው፣ ከሰሌዳ የተገለበጠ። ኧረ ወገኖቼ፣ ደንቢያ እኮ ሜዳ ነው! እነዚህ ልጆች ሲያዩ የሚውሉት የሽንብራ ማሳ፣ ክረምት ሲገባ እግር የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ ወደ ጎርጎራ የወረደ ደግሞ ጣናን ነው። ጀማሪው ለአንዱ 8፣ ለሌላው 6 ሲሰጥ በምን መዝኖ እንደሆነ ብትጠይቁት «በንጽሕናው» ይላችኋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢኖር «ሰሌዳውን ተወው፤ አንድ ጀበና አስመጣና መሐል አስቀምጥ፤ ሁሉም ከተቀመጠበት ሆኖ የሚታየውን ይሣል» ይለው ነበር። እጀታው ለአንዱ በቀኝ፣ ለሌላው በግራ ይወጣል፤ ለሦስተኛው ጭራሽ አይታይም። መምህሩም ያኔ የሚነጋገርበት ነገር ያገኛል። ቀለም የለም ለሚለው ሰበብ ከሰልም የሸክላ አፈርም ሞልቷል፤ አክርማና ሰንደዶ ይዘው መጥተው የስፌት ጥለት አቆጣጠር የሚያሳዩ እናቶችም አይጠፉም።

በጣና ዳር አብያተ ክርስቲያናት የምናየውን ሥዕል የሣሉ ሰዎች ሙያውን የለመዱት ከመምህር እጅ ሥር ውለው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መስመር ሲወጣና ሲታረም እያዩ ነው። አማካሪ ማለት ይህ ነበር።

ስለዚህ የሥዕል አማካሪ በየትምህርት ቤቱ መመደቡ ይቅርና በአጎራባች ትምህርት ቤቶች ጉድኝት ይሁን። በጉድኝቱ ያሉት የሥዕል መምህራን በወር አንድ ቅዳሜ፣ ፋይል ሳይሆን የተማሪ ሥራ በክንዳቸው ይዘው ይገናኙ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይከራከሩበት። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ጎርጎራ ወርደው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች አብረው ይመልከቱ። ሰዓቱ ለነባሮቹ ከ60ው፣ ለጀማሪዎቹ ከሙያ ትውውቁ ይታሰብላቸው፤ ቅጹ ላይም «የትኛው የተማሪ ሥራ ታየ? ምን ተባለ?» የሚል መስመር ይጨመር። የትራንስፖርቱን ነገር አደራ፤ ጀማሪ መምህር በዚያች ደመወዙ ባጃጅ ከፍሎ ይመጣል ብላችሁ እንዳታስቡ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥዕል መምህር፣ ቆላ ድባ