ድረ-ገጹ ጥር 23ን አያውቅም

የአገው ፈረሰኞች በዓል መቼ ነው ብላችሁ እንጅባራ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ፣ ሳያስብ «ጥር 23» ይላችኋል። ድረ-ገጹ ግን ይሄን አያውቅም። በዎርድፕረስ በተሠራ ገጽ ማስታወቂያ ስታወጡ ከሥሩ የሚታየው ቀን የፈረንጅ ነው። ቋንቋውን አማርኛ ብታደርጉትም ትርጉም ቃሉን እንጂ ሒሳቡን አይለውጥም፤ «ጃንዩወሪ» በፊደላችን ተጽፎ ቁጭ ይላል!

«ታዲያ ጃንዩወሪ 31 ብሎ መያዝ ነዋ!» የሚለኝ አይጠፋም። አይሠራም ወዳጄ። ጥር 23 ቀን 2017 የዋለው ጃንዩወሪ 31 ቀን 2025 ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ግን፣ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ስላለፈች፣ ጥር 23 የዋለው ፌብሩወሪ 1 ቀን 2024 ነበር። ወሩ ራሱ ተቀየረ ማለት ነው። ከዳንግላ ፈረሱን ጭኖ ለሚነሳ፣ ከአዲስ አበባ ትኬት ለሚቆርጥ ሰው አንድ ቀን ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን የሚያናድደኝ ግን መፍትሔ ተብሎ የሚሠራው ነው። ኮድ የሚነካካ ልጅ ይጠራል፤ የዎርድፕረስን ዋና ፋይል ይከፍትና ቀን የሚያወጣውን መስመር በራሱ ሒሳብ ይተካዋል። ገጹ «ጥር 23» ይላል፣ ጭብጨባ! ችግሩ ዎርድፕረስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አነስተኛ የደህንነት ማሻሻያዎችን በራሱ ያወርዳል። አንድ ቀን ማሻሻያው ያን ፋይል በአዲስ ሲተካው የልጁ ልፋት ድራሹ ይጠፋል። ከዚያስ? «ማሻሻያውን እንዝጋው» ይባላል። ይሄ እንግዲህ ቤቱን ሳይቆልፉ መተኛት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ዎርድፕረስ ውስጥ አለ፦ ፕለጊን። ዎርድፕረስ ሥራውን ሲሠራ ለሌላ ሰው ኮድ ዕድል የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉት፤ ሁክ ይባላሉ። ሁለት ዓይነት ናቸው። አክሽን «ይሄ ሆኗል፣ የምትሠራው ካለ ሥራ» ይላል። ፊልተር ደግሞ «ይሄን ላሳይ ነው፣ አስተካክለህ መልስልኝ» ይላል። የኛ ፕለጊን ፊልተሩ ላይ ሆኖ የፈረንጁን ቀን ይቀበላል፣ ወደ እኛ አስልቶ ይመልሳል። ዳታቤዙም ዋናው ፋይልም አይነኩም። ፕለጊኑ የራሱ ፎልደር ስላለው የዎርድፕረስ ማሻሻያ አያጠፋውም፤ ካልተመቻችሁም ትዘጉታላችሁ። ለአዊ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም፤ ፈረስ የሚያምረው በኮርቻውና በልጓሙ ነው፣ ጀርባው ተጠርቦ አይደለም።

እርግጥ ኮርቻውም ይፈተሻል። ሠሪው ጥሎት የሄደ ፕለጊን ራሱ የሌባ መግቢያ ነው። ስለዚህ ያገኙትን ሁሉ መጫን ሳይሆን፣ ጥቂት ግን የሚታደስ መምረጥ ያዋጣል።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ የዘመን አቆጣጠራችን በየገጹ ጓዳ በድብቅ የሚጠገን ነገር መሆኑ ይብቃ። ኮድ የምትችሉ ልጆች አንድ ፕለጊን ላይ ተባበሩ። ዎርድፕረስ ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ማካፈል አይከለክልም። እንጅባራ ላይ የተገኘ ስህተት ከታረመ ባሕር ዳርም አዳማም ይታረማል። የወሮቹን ስም በአዊኛ የሚያሳይ ፋይል መጨመርም ከዚያ በኋላ ትንሽ ሥራ ነው። አለበለዚያ አስራ ሦስት ወር ያለው ሕዝብ፣ አስራ ሁለት ብቻ በሚቆጥር ገጽ ቀጠሮ ሲይዝ ሊኖር ነው።

ቸር እንሰንብት!